ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፦ ኢ-ሪደር ላስመጣ ወይስ ብሩን መጽሐፍ ልግዛበት?

ሳሪስ_አቦ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። ታላቅ ወንድሜ ለፋሲካ ሊመጣ ነው፣ ትናንት ደውሎ ምን ላምጣልህ ሲለኝ ጫማ ልል አፌን ከፍቼ ኢ-ሪደር (መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ የተሰራ ታብሌት መሰል ዕቃ) አልኩት። እሱ ደግሞ ምንድነው ሲለኝ እንደሚያውቅ ሰው አስረዳሁት፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እኔም በደንብ እንደማላውቅ የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሳሪስ ስራዬ ሜክሲኮ፣ ሰልፉንም ታክሲውንም ደምሬ በቀን ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ፣ የማነበውም እዛው ነው። ቤት በኪራይ ነው፣ በአራት አመት ሶስት ቤት ቀይሬያለሁ፣ በተነሳሁ ቁጥር ከአልጋው ይልቅ የሚያስቸግረኝ መጽሐፉ ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጣራው አፍስሶ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ረጠበብኝ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ገጾቹ እንደ ድርቆሽ ሆነው ቀሩ። አንዳንዱን ሳነብ እስካሁን ይንኮሻኮሻል።

የማነበው ከግማሽ በላይ አማርኛ ነው፣ የቀረው እንግሊዝኛ። እና በየቀኑ ለማንበብ የቱ ይሻለኛል? ሁለቱንም የያዛችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። የወረቀት ሽታ የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ገጽ_አጣፊ፦
የወረቀት ሽታ።

ገጽ_አጣፊ፦
እሺ ቀልዱን ልተወው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጋ ቁጭ ብለህ ያንን ነገር ዘርግተህ ስታነብ ከውጪ ለሚያይህ ሌባ ታብሌት ነው የያዝከው። ኢ-ሪደር ይሁን አይፓድ ይሁን ጠይቆ አይነጥቅህም። መጽሐፍ ግን ሃያ አመት ሙሉ ታክሲ ውስጥ አንብቤያለሁ አንድ ቀን የነጠቀኝ የለም፣ እንዲያውም አንዴ ወንበር ላይ ረስቼው ወርጄ ረዳቱ በማግስቱ እዛው ፌርማታ ላይ መለሰልኝ፣ "ይሄ አይሸጥም ብዬ ነው" ብሎ 😂

ቀለም_ቀንድ፦
ሁለቱም አለኝ። ኪንድል የሚባለውን የአማዞን ኢ-ሪደር ለብዙ አመት ይዤ ነበር አሁን ኮቦ የሚባለውንም ጨምሬያለሁ፣ ቤቴ ደግሞ ግድግዳ ሙሉ መጽሐፍ ነው ስለዚህ ወገንተኛ አይደለሁም። ረዘም ይላል ታገሱኝ።

መጀመሪያ ከስልክ ጋር አታምታቱት። የስልክ ስክሪን ከኋላው አይናችን ውስጥ ብርሃን ይለቃል። የኢ-ሪደሩ ስክሪን (ኢ-ኢንክ የሚባለው) ውስጡ ደቃቅ እንክብሎች አሉ፣ በየእንክብሉ ጥቁርና ነጭ ቅንጣት አለ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደላይ ይወጣል አንዱ ወደታች ይወርዳል፣ ከዛ ባሉበት ይቀመጣሉ። ፊደሉ በቀለም እንደታተመ ነው የሚቆየው፣ ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ስትገልጥ ነው። ለዛ ነው አንዴ ቻርጅ አድርገኸው ሳምንታት የሚሄደው፣ መብራት ሶስት ቀን ቢጠፋ ግድ የለህም። ጠራራ ፀሐይ ላይ ስልክህ መስታወት ሲሆንብህ እሱ እንዲያውም ይበልጥ ይጠራል። አዲሶቹ ማታ የሚያበሩት መብራት አላቸው ግን ብርሃኑ ከጠርዝ ተነስቶ ገጹ ላይ ነው የሚያርፈው እንጂ ወደ አይንህ አይደለም የሚመጣው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለእንግሊዝኛው ነው ወንድሜ። አማርኛው ላይ ስንመጣ ሌላ ወሬ ነው። አማዞን ላይ ሰው ራሱ መጽሐፉን የሚያወጣበት ኬዲፒ የሚባል መንገድ አለ፣ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ እኔ ባየሁት ጊዜ አማርኛ አልነበረም። ስለዚህ ኪንድል ከፍተህ የምወደውን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልጌ ልግዛ ካልክ ገበያ ባልቆመበት ቀን ገበያ ወጥተሃል። የሚተርፍህ ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛው በስልክ ካሜራ የተነሳ ፎቶ ስለሆነ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ፊደሉ ጤፍ ያክላል። ፎቶ ነውና ፊደሉን ብቻ ነጥለህ ማሳደግ አትችልም፣ ገጹን ስታጎላው ደግሞ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣና ግራ ቀኝ ስትጎትተው ትውላለህ።

ሳሪስ_አቦ፦
@ቀለም_ቀንድ ይሄን አላሰብኩትም። እኔ እኮ ፒዲኤፉን ሁሉ እሱ ላይ ጭኜ ላነብ ነበር ሀሳቤ፣ ስልኬ ላይ ወደ ሁለት መቶ ይሆናል። ታዲያ አማርኛ ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው?

ቀለም_ቀንድ፦
ይሆናል፣ ፋይሉ ፎቶ ካልሆነና በፊደል የተተየበ ከሆነ። ያንን ካሊበር በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ኮምፒውተር ላይ ወደ ኢፐብ (ፊደሉ የሚያድግ የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ትቀይረዋለህ። ሳጥን ሳጥን ካሳየህ ፎንት ነው የጎደለው፣ ኮቦም ኪንድልም በኬብል ስትሰካቸው ፎንትስ የሚል ፎልደር ውስጥ (ኮቦ ላይ ራስህ ትፈጥረዋለህ) አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ጨምርበትና ከሜኑው ምረጠው።

ሲገዛ ደግሞ ወንድምህ 300 ፒፒአይ (የስክሪኑ ጥራት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ነጥቦች ብዛት) መሆኑን ያረጋግጥ። ርካሹ ኪንድል በፈረንጅ እስከ 2022 ድረስ 167 ነበር፣ ሰው ያገለገለ ሲሸጥ እሱን ነው የሚሸጠው። ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል ለኛ ግን አይበቃም፣ ፊደሉን ትንሽ ሲያደርጉት የ"ሸ" ባርኔጣ ይጠፋና "ሰ" ይሆናል፣ "ቸ" እና "ተ" መለየት በግምት ነው። እኔ አንድ ምዕራፍ ሙሉ የገጸ ባህሪውን ስም ተሳስቼ አንብቤያለሁ።

ሌላው ፍለጋ ነው። ሰዎች የኢ-ሪደር ጥቅም ሲሉ ቃል ፈልጎ ማግኘት ይላሉ፣ በአማርኛ ሞክሩት እስቲ። ደራሲው "ፀሐይ" ብሎ ጽፎ አንተ "ጸሀይ" ብለህ ከፈለግክ የለም ይልሃል። መዝገበ ቃላትም እንደዛው፣ እንግሊዝኛ ላይ ቃሉን ነካ ስታደርገው ትርጉሙ ብቅ ይላል፣ አማርኛ ላይ መዝገበ ቃላት ብትጭንበት እንኳ "ስለማይመጣላቸው" የሚለውን ነክተህ "መጣ" ጋ አያደርስህም።

መስመሩንም ግራና ቀኝ እኩል አታድርገው፣ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ በመሃል ጥርስ የወለቀበት ድድ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል። ወደ ግራ ብቻ አሰልፈው።

ገጽ_አጣፊ፦
ይሄን ሁሉ ከምማር ገጽ ብገልጥ አይሻልም 😅 መጽሐፍ ፎንት ጫንልኝ ብሎኝ አያውቅም

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ኪንድል ካለኝ ስምንት አመት አለፈው። እንግሊዝኛውን ከቤተመጻሕፍት ሊቢ በሚባል አፕ በነጻ ነው የምዋሰው፣ ቀኑ ሲያልቅ ራሱ ይመለሳል፣ ቅጣት የለ ምን የለ። ግን ልብ በል ሳሪስ፣ ሊቢ ከኪንድል ጋር የሚሰራው አሜሪካ ባሉ ቤተመጻሕፍት ነው፣ የአባልነት ካርድም ያስፈልጋል፣ ወንድምህ በሱ ያማልልህ ከሆነ አንተ ጋ ላይሰራ ይችላል።

አማርኛውን ግን እስካሁን በወረቀት ነው የማነበው፣ ስለምመርጥ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስለሌለኝ። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድልኝ፣ እናቴ በርበሬ ሽሮ ኮሰረት ደርድራ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ደግሞ መጽሐፌን፣ ሚዛኑ ላይ ሁለቱ ይፋጠጡና ሁሌ በርበሬው ያሸንፋል። ባለፈው አስራ አራት መጽሐፍ ገዝቼ ስድስት ይዤ ተመለስኩ፣ ስምንቱ እህቴ ቤት አልጋ ስር ናቸው። በሶፍት ኮፒ የሚሸጥልኝ ቢኖር እኮ ሁለት እጥፍ እከፍል ነበር!! ለምን አይሸጡልንም??

ደራሲው_ነኝ፦
ለምን እንደማንሸጥ ልንገርሽ እህቴ። ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፣ ስሜን አልጠራም። ሁለተኛውን በራሴ ብር ነው ያሳተምኩት፣ ከአማቴ የተበደርኩትም አለበት። ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አለፈ፣ ማተሚያ ቤት በየሳምንቱ ዋጋ ይከልሳል፣ ከዛ ላይ አከፋፋይና መደብር ሲሶ ያህሉን ይወስዳሉ። ይሄ ሁሉ ሆኖ መጽሐፉ በወጣ በስምንተኛው ቀን አንድ ጓደኛዬ "እንኳን ደስ አለህ አነበብኩት" ብሎ የላከልኝ ፒዲኤፍ ነው! ገጽ 47 ላይ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ይታያል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እያለ ማንን ትከሳለህ፣ ቻናሉ ስም የለው አድራሻ የለው።

እና አሁን ራሴ ንጹህ ሶፍት ኮፒ ሰርቼ ብሸጥ ስራ አቀለልኩላቸው ማለት ነው። አውራ ጣት የሌለበት እትም ልስጣቸው?

የሪያድዋ፦
ጋሼ ደራሲው እኔ ከነዛ አንዷ ነኝ። ሳውዲ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ስድስተኛ አመቴ ነው። እዚህ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት አላውቅም ቢኖርም የምወጣበት ቀን የለኝም። ማታ ስራ ስጨርስ ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው፣ አብራኝ የምትተኛ ልጅ ስላለች መብራት አጥፍቼ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በስልኬ ነው የማነበው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ያነበብኩት ሀገሬ እያለሁ ካነበብኩት ይበልጣል። አውራ ጣት ያሉትን እኔም አውቃለሁ፣ የአንዷ ጥፍሯ ቀይ የተቀባ ነው፣ የብዙ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ አለች፣ እንዲያውም ስትጠፋ ታሳስበኝ ነበር።

ስርቆት መሆኑን አላውቅም አልልም። ግን ልክፈል ብል ለማን ነው የምከፍለው? መጽሐፉ ላይ ስልክ የለ፣ የባንክ ቁጥር የለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደራሲው_ነኝ፦
@የሪያድዋ አንቺን አስቤ አልነበረም የጻፍኩት።

አሮጌ_ተራ፦
በመሃል ልግባ። እኔ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነኝ፣ ለገሃር አካባቢ ነው የምሰራው ሃያ ሁለት አመቴ ነው። በፊት ማከራየትም ነበረ፣ ዋናውን ብር አስይዞ በቀን በሳንቲም ይወስዳል ሲመልስ ሌላ ይቀይራል፣ የተማሪው ቤተመጻሕፍት እሱ ነበር። ያንን የገደለው ፒዲኤፍ ነው አልዋሽም። ነገር ግን አሁን ሌላ ነገር እያየሁ ነው፣ ልጆች ይመጡና ስልካቸውን ከፍተው ሽፋኑን ያሳዩኛል፣ "ይሄን አንብቤዋለሁ ሃርድ ኮፒውን እፈልጋለሁ" ይላሉ። አንብበው ከጨረሱ በኋላ! መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። የወደዱትን ብቻ ነው የሚገዙት፣ ያልወደዱት ስልክ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጥፎ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው በጣም የተጎዳው ማለት ነው፣ ጋሼ ደራሲው እርስዎን አይደለም 🙏

ደግሞ አንድ ነገር፣ ዱሮ የታተሙ አሁን የማይታተሙ መጽሐፎች አሉ፣ ማንም በሶፍት ኮፒ አልሰራቸውም፣ ጠርዛቸው በብል የተበላ። እነሱን ኪንድል አያመጣልህም። እኔ ጋ ና።

መምህር_ዘደብረብርሃን፦
ጥሩ ክር ነው። ከትምህርት አንጻር ልጨምር። እንደ ፈረንጅ በ2018 የወጣ ጥናት ነበር፣ ከ2000 እስከ 2017 የተሰሩ 54 ጥናቶችን ሰብስቦ ያነጻጸረ፣ ተሳታፊዎቹ ሲደመሩ ከ170 ሺህ ይበልጣሉ። ከወረቀት ያነበቡት ከስክሪን ካነበቡት የተሻለ ይረዳሉ ነው ውጤቱ፣ በተለይ በሰዓት ተገድበው ሲያነቡ። ነገር ግን ልዩነቱ የታየው ትምህርታዊና መረጃ ሰጪ ጽሁፍ ላይ ነው፣ ልብ ወለድ ላይ አልታየም። እኔም ክፍል ውስጥ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ተማሪ ሞጁሉን በስልክ አንብቦ "ገብቶኛል" ይላል፣ ስትጠይቀው ርዕሱን ነው የሚነግርህ።

ስለዚህ ለጥናት ወረቀት፣ ለልብ ወለድ በፈለጋችሁት። ማታ ከመኝታ በፊት ግን ስክሪን እንቅልፍ ይነሳል፣ ይሄም ተጠንቷል።

ቀለም_ቀንድ፦
@መምህር_ዘደብረብርሃን መምህር ያከበርኩዎት፣ የእንቅልፉ ጥናት ላይ ትንሽ ላርም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 12 ሰዎች ላይ የተሰራው ነው፣ ያነበቡትም በአይፓድ ነው፣ እሱ ብርሃን የሚለቅ ነው። መብራቱ የጠፋ ኢ-ኢንክ ያው ወረቀት ነው፣ በአምፖል ነው የሚነበበው። የመጀመሪያው ጥናት ላይም ቢሆን ስክሪን ሲባል አብዛኛው ኮምፒውተርና ታብሌት ነው መሰለኝ።

መምህር_ዘደብረብርሃን፦
ተቀብያለሁ። ቢሆንም የኔ ተማሪዎች የያዙት ኢ-ኢንክ ሳይሆን ስልክ ነው፣ ያውም የተሰነጠቀ፣ እኔ የማወራው ስለነሱ ነው።

ነታንያ፦
ሰላም ከእስራኤል። የኛ ቤት ጉዳይ ቀላል ነው፣ ሳምንቱን በስልክም በምንም አነባለሁ፣ አርብ ፀሐይ ከጠለቀች ግን ኤሌክትሪክ ነገር አይነካም፣ ሰንበት ነው። ለማንበብ ጊዜ ያለኝ ደግሞ ያን ቀን ነው! ስለዚህ ስንቱ ኢ-ሪደር ቢመጣ የሰንበት መጽሐፌ ወረቀት ነው። እናቴ ጎንደር ነው ያደገችው፣ ማንበብ የተማረችው በትልቅነቷ እዚህ መጥታ በዕብራይስጥ ነው፣ አማርኛውን እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። በመሃል ታቋርጠኝና "ውሸቱን ነው፣ እንደዛ አይባልም እኛ ጋ" ትላለች። ደራሲውን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
@ነታንያ ሃሃሃ እናትሽ አርታኢ መሆን ነበረባቸው

ወዲያ_ማዶ፦
ማንም ያልተናገረው አለ። ኪንድል ላይ የገዛኸው መጽሐፍ ያንተ አይደለም፣ እንድታነበው ነው የተፈቀደልህ። በፈረንጅ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጽሐፎች ከገዙት ሰዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ አጥፍቷቸዋል፣ አሳታሚው መብት አልነበረውም ተብሎ፣ ብራቸውን መለሰላቸው፣ በኋላም ባለቤቱ ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። በ2025 የካቲት አካባቢ ደግሞ የገዛኸውን በኬብል ወደ ኮምፒውተርህ አውርደህ የምታስቀምጥበትን መንገድ ዘጉት። ለገሃር የገዛሁትን መጽሐፍ ማታ መጥቶ ከመደርደሪያዬ የሚወስድ ሰው የለም።

አሮጌ_ተራ፦
ያዋስከው ሰው ካልሆነ በቀር።

ገጽ_አጣፊ፦
@አሮጌ_ተራ ቁስሌን ነካኸው። የአራት ሰው ስም ዝርዝር አለኝ፣ አንዱ አሁን አውሮፓ ነው ያለው ከነመጽሐፌ

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ የአማርኛ መጽሐፍ ህትመቱ ለምንድነው ፊደሉ እንዲህ ያነሰው? ገባኝ ወረቀት ተወዷል ገጽ ለመቀነስ ነው፣ ጠርዙም ጠቦ መሃሉን ለማንበብ መጽሐፉን እንደ ሎሚ መጭመቅ ነው። አርባ አመት ካለፈኝ ወዲህ አልቻልኩም። ኢ-ሪደሩ ላይ ፊደሉን ማሳደጉን ለምጄ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጣቴን ዘርግቼ ለማጉላት ስሞክር ልጄ አይታኝ ስቃብኛለች።

ሳሪስ_አቦ፦
@ሲልቨር_ስፕሪንግ አባዬም እንደዛው ነው። ሰባ አንድ አመቱ ነው፣ መነጽሩ ላይ ማጉያ መስታወት ደርቦ ነው መጽሐፍ ቅዱሱን የሚያነበው፣ አንድ ገጽ ሲጨርስ ይደክመዋል።

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። እስካሁን የገባኝን ልናገርና አርሙኝ፣ እንግሊዝኛ ብቻ ባነብ ኖሮ ዛሬውኑ ኢ-ሪደር አስመጣ ትሉኝ ነበር፣ አማርኛ ብቻ ባነብ ደግሞ ተወው። የሽታና የፍቅር ጉዳይ ሳይሆን የቋንቋ ጉዳይ ሆነብኝ። ሂሳቡንም ሰራሁት፣ ፔፐርዋይት የሚባለው ኪንድል 160 ዶላር ነው፣ በ150 ብር ሲመታ 24 ሺህ፣ አንድ መጽሐፍ 600 ብር ብለን ብንይዝ 40 መጽሐፍ ማለት ነው። አርባ መጽሐፍ ለኔ የሁለት አመት ነው። ወንድሜ ነው የሚከፍለው ግን 😀

ቀለም_ቀንድ፦
ሂሳብህ ትክክል ነው ግን አንድ የረሳኸው አለ፣ ያ አርባ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ከሆነ አዲስ አበባ በ600 አታገኘውም። የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸው የጥንቶቹ ደግሞ በህጋዊ መንገድ በነጻ ይገኛሉ። ሌላ አማራጭ ልስጥህ፣ ቡክስ የሚባለው ኢ-ሪደር እንደ ስልክ አንድሮይድ ነው፣ ቴሌግራሙን ራሱን መጫን ይቻላል፣ ስክሪኑ ትልቅ የሆነውን ካገኘህ ስካኑም ይነበባል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ባትሪውም እንደ ኪንድል አይቆይም፣ ቴሌግራም የገባበት ነገር ላይ ደግሞ ታነባለህ ብዬ አልምልልህም።

የሪያድዋ፦
ጋሼ ደራሲው እህቴ አዲስ አበባ ናት፣ በቴሌብር ልታስገባልዎት ትችላለች። የሁለተኛውን መጽሐፍ ዋጋ ንገሩኝ። የትኛው እንደሆነ ስምዎን ባይነግሩኝም አውራ ጣቷ ገጽ 47 ላይ ያለችውን ፈልጌ አገኘሁት 😊 የባልቴቷ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ደራሲው_ነኝ፦
...ተያዝኩ ማለት ነው። ብሩን ተይው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ ንጹሁን ልላክልሽ። ባልቴቷን ሚስቴ አውጣት ብላኝ ነበር።

ደራሲው_ነኝ፦
@ቀለም_ቀንድ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ፋይሉን አሁን ከፍቼ ከፒዲኤፉ ላይ ኮፒ ሳደርገው የላቲን ፊደልና የስድብ ምልክት የመሰለ ነገር ነው የሚወጣው፣ ስክሪኑ ላይ ግን ጥሩ አማርኛ ነው። ለእህታችን ስልክ የሚሆን ፊደሉ የሚያድግ አድርገህ ልትሰራልኝ ትችላለህ?

ቀለም_ቀንድ፦
ጋሼ ያው የድሮ ፎንት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጋሩት የቁጥር ሰሌዳ) ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ ነበር የሚለጥፉት። ገጹን የሚያስተካክሉ ሰዎች ብዙዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ በነዛ ነው የሚሰሩት፣ ለማተሚያ ቤት ችግር የለውም ወረቀት ላይ ቅርጹ ነው የሚወጣው። ኢ-መጽሐፍ ልስራ ሲሉ ነው ጉዱ የሚወጣው። መቀየሪያ አለ፣ መቶ በመቶ ንጹህ አይሆንም ማስተካከል ይፈልጋል። ይላኩልኝ ቅዳሜ አየዋለሁ። ክፍያው አንድ ሃርድ ኮፒ ነው፣ ከፊርማ ጋር።

ገጽ_አጣፊ፦
አያችሁ! የኢ-ሪደሩ ሰውዬ ሃርድ ኮፒ ጠየቀ። ስክሪንሾት አነሳሁ

ሳሪስ_አቦ፦
ሰላም ሰዎች፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ። ስንት ተከራክረን ስናበቃ ወንድሜ ዳግም ሳይጠይቀኝ ቅናሽ አግኝቼ ነው ብሎ ኪንድል ይዞልኝ መጣ፣ ጥሩነቱ ባለ 300 ፒፒአዩ ነው። ሳምንት ታክሲ ውስጥ አነበብኩበት። መስኮት ጋ አልቀመጥም ብቻ። እንግሊዝኛው እውነት ነው ቃሉን ነካ እያደረጉ ማንበብ ሱስ ነው፣ ትቼው የነበረውን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጨረስኩት።

ከዛ እሁድ አባዬ ጋ ሄጄ ላሳየው ብዬ ፎንቱን ጭኜ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አስገብቼ ፊደሉን ትልቅ አድርጌ ሰጠሁት። ማጉያውን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ ገጽ መግለጫውን አንዴ ነው ያሳየሁት። ቡና ሁለተኛ ተቀዳ፣ ሶስተኛ ተቀዳ፣ ቀና አላለም። በመጨረሻ "ሄኖክ የታለ?" አለኝ፣ ያስገባሁት ባለ 66ቱ ነው፣ እሱ የሚፈልገው ሰማንያ አሃዱን ነው። ሌላ ፈልጌ አመጣልሃለሁ አልኩት፣ "እሺ፣ እስከዛ ይሄ እዚህ ይቆይ" አለኝ።

ይኸው እዛ ነው ያለው። ትናንት ስደውል የዳዊት ማኅደር የሚሰፋ ሰው ጋ ወስዶ በልኩ የቆዳ ማኅደር አሰርቶለታል፣ ማንገቻ ያለው፣ እያነገተ ቤተክርስቲያን ይሄዳል። ቻርጁ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ፣ ሳምንታት ይቆያል ስለው "ታዲያ ለምን ስልኬ በየቀኑ ይራበዋል" አለ።

እኔ ዛሬ ጠዋት ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ከአዟሪ አንድ ገዛሁ። 650 ጠርቶ በ550 ለቀቀልኝ። @ቀለም_ቀንድ ሰማንያ አሃዱው በተተየበ ፊደል የሚገኝበትን ታውቃለህ?

ቀለም_ቀንድ፦
እፈልግልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ማኅደሩን ፎቶ አንሳና ለጥፈው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
እኔም ልል ነበር፣ ስንት ነው ያሰሩት? ለኔ በርበሬው መሃል ሻጥ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው